ኮሊብሪ ላይ አሴምብሊ፦ ከባዶ ማሽን እስከ መጀመሪያዋ መስኮት

አሴምብሊ ለመማር የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደክመው በቋንቋው አይደለም፤ ገና ደጃፉ ላይ ነው። ዊንዶውስ ላይ ከሆነ አሴምብለሩን ከአንድ ቦታ፣ ሊንከሩን ከሌላ ቦታ ያመጣል፤ ከዚያ ሁለቱን ለማስማማት ይታገላል። ሊኑክስ ላይ ተርሚናል ውስጥ አንድ መስመር ጽሑፍ ማውጣት ቀላል ነው፤ አንዲት መስኮት ልክፈት ሲል ግን የላይብረሪው ዝርዝር ራስ ያዞራል። ፕሮሰሰሩን በቀጥታ ለማዘዝ የመጣው ሰው ከፎልደር ፎልደር ሲንከራተት ይውላል።

እኔ ለጀማሪ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። ኮሊብሪ ኦኤስ የሚባል ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ። ከርነሉ ከዳር እስከ ዳር በአሴምብሊ የተጻፈ ነው። አሴምብለሩ፣ ኤዲተሩና ስህተት መፈለጊያው አብረውት ይመጣሉ፤ ይህ ሁሉ ተጠቅልሎ 1.44 ሜጋባይት በምትይዝ ፍሎፒ ላይ ይሰፍራል። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይከብዳል። ስለዚህ መጫን የሚባለው ሥራ እዚህ ጥቂት ነው። ጊዜ የሚፈልጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የጻፋችሁት እንዳይጠፋ ቦታ ማደላደል፣ እና ስርዓቱ አንድን ፋይል ፕሮግራም ነው ብሎ የሚቀበልበትን ደንብ ማወቅ።

የዘር ሐረጉን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ኋላ ኮዱ ውስጥ ይመጣልና። ፊንላንዳዊው ቪሌ ቱርያንማ በ2000 ሜኑኤት ኦኤስ የሚባል በአሴምብሊ የተጻፈ ስርዓት አወጣ። በ2004 ከሱ ተገንጥሎ ኮሊብሪ ተወለደ፤ ያሳደጉት በአብዛኛው ሩሲያኛ ተናጋሪ ፕሮግራመሮች ናቸው። የሁለቱም መሣሪያ ፖላንዳዊው ቶማሽ ግሪሽታር የሠራው ፋዝም የሚባለው አሴምብለር ነው። ፋዝም ራሱ በፋዝም የተጻፈ ሲሆን ሊንከር አይፈልግም፤ አንድ የጽሑፍ ፋይል ሰጥታችሁት የሚሠራ ፕሮግራም ትቀበሉታላችሁ።

ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር አስቀድሜ ላስታውቅ። ኮዱ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። እዚህ ገጽ ላይ ግን እያንዳንዱን የላቲን ፊደል በእንግሊዝኛ ስሙ እየጠራሁ በግዕዝ ፊደል አስቀምጬዋለሁ። "ኤምኦቪ" ስትሉ ሦስት ፊደል ትጽፋላችሁ፤ "ኢኤኤክስ" ስትሉም ሦስት። መስኮት፣ ጠብቅ፣ ቁልፍ፣ ርዕስ፣ ማለቂያ የሚሉትን ግን ቃሉን እንደሚሰማ በላቲን ፊደል ጻፏቸው፤ እነዚህ እኛ የምናወጣቸው ስሞች ናቸው፤ ሁሉም ቦታ ላይ አንድ ዓይነት እስከሆኑ ድረስ አጻጻፉ የእናንተ ምርጫ ነው።

ማሽኑን ማዘጋጀት

ከኮሊብሪ ድረ ገጽ ላይ የፍሎፒውን ኢሜጅ አውርዱ። ሲዲውም፣ የፍላሹም ዓይነት አለ፤ ለዚህ ሥራ ግን የፍሎፒው ይበቃል፤ የሞባይል ዳታ ለሚቆጥብ ሰውም እሱ ነው የሚያዋጣው። ከቋንቋዎቹ እንግሊዝኛውን ምረጡ፤ የሩሲያኛውን ከወሰዳችሁ ሜኑው በሙሉ በሲሪሊክ ይመጣባችኋል። ፋይሉ በሰቨን ዚፕ የታሸገ ስለሆነ መጀመሪያ ፍቱት። ከውስጡ የሚወጣው ኢሜጅ ልክ 1,474,560 ባይት መሆን አለበት። ካነሰ በትክክል አልወረደም፤ ሌላ ጥፋት አትፈልጉ፣ መልሳችሁ አውርዱ።

ቀጥሎ ቨርቹዋል ማሽን። ቨርቹዋል ቦክስ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ስለሚሠራ በሱ ልሂድ። አዲስ ማሽን ፍጠሩ፤ ዓይነቱ ሲጠየቅ "ሌላ" የሚለውን፣ ስሪቱ ሲጠየቅ "ያልታወቀ" የሚለውን ምረጡ፤ ባለ 32 ቢት መሆኑን አረጋግጡ። ራም 128 ሜጋባይት ስጡት፤ ለኮሊብሪ ይህ ድሎት ነው፣ ከዚህ በአሥር እጅ ያነሰም ይነሳበታል። ሃርድ ዲስክ አትጨምሩ። ፕሮግራሙ "ያለ ዲስክ ልትቀጥል ነው ወይ?" ብሎ ቢያስጠነቅቃችሁ እሺ በሉትና እለፉ።

አሁን ወደ ማሽኑ ሴቲንግ ግቡና ስቶሬጅ በሚለው ስር የፍሎፒ መቆጣጠሪያ ጨምሩ፤ ዝርዝሩ ውስጥ "አይ82078" በሚል ስም ታገኙታላችሁ። በሱ ላይ ያወረዳችሁትን ኢሜጅ ስቀሉ። የማስነሻው ቅደም ተከተል ላይ ፍሎፒ ቀዳሚ መሆኑን እዩ። የማውስ ዓይነት የሚመረጥበት ቦታ ላይ ፒኤስ2 የሚለውን ያዙ። አለዚያ ቀስቷ ስክሪኑ ላይ እንደተተከለች ልትቀር ትችላለች፤ ይህን የማያውቅ ሰው ጥፋቱን ኮሊብሪ ላይ ይጥላል።

ማሽኑን ስታስነሱ ሰማያዊ የጽሑፍ ገጽ ይመጣል። የስክሪን ስፋትና ሌሎች ጥቂት ምርጫዎች የሚለወጡት እዚያ ነው። ካልነካችሁት ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱ ያልፋል። ከዚያ ዴስክቶፑ ወዲያው ይከፈታል፤ ቡና ለማፍላት ጊዜ አይሰጥም።

ሊኑክስ ላይ ኬሙ የሚባለውን ሌላ ቨርቹዋል ማሽን የለመደ ሰው በሱ ቢሠራም ያው ነው፦ ባለ 32 ቢቱን የኢንቴል ማሽን ያስነሳል፣ ኢሜጁን በፍሎፒነት ይሰጠዋል፣ አለቀ።

የጻፋችሁት የት ይቀመጣል?

ይህን ክፍል ዘልሎ ወደ ኮዱ የሚሮጥ ሰው ያለቅሳል። ኮሊብሪ ሲነሳ ፍሎፒውን በሙሉ ወደ ራም ይገለብጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ ራም ላይ ነው። "ሲስ" የሚባለው ፎልደር የዲስክ መልክ ይኑረው እንጂ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ፋይሉን ኤዲተሩ ላይ ሴቭ ማድረጋችሁ ብቻውን ዋስትና አይደለም።

ሦስት መፍትሔ አለ። ቀላሉ ቨርቹዋል ማሽኑን ስትዘጉ "ያለበትን ሁኔታ አስቀምጥ" የሚለውን መምረጥ ነው። ራሙ እንዳለ ይቀመጣል፤ ነገ ስትከፍቱት ጠቋሚዋ ሳትቀር ትታችኋት የሄዳችሁበት መስመር ላይ ናት። ሁለተኛው ኮሊብሪ ውስጥ ያለው አርዲሴቭ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ራም ላይ ያለውን ዲስክ መልሶ ወደ ፍሎፒው ኢሜጅ ይጽፈዋል። ይህን ከመረጣችሁ የመጀመሪያውን ኢሜጅ ቅጂ ለብቻው አስቀምጡ። ሦስተኛው በፋት32 የተዘጋጀ ፍላሽ መሰካት ነው፤ እውነተኛ ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ ሰው ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። 1.44 ሜጋባይቱ በስርዓቱ ፕሮግራሞች ታጭቆ የሚመጣ ስለሆነ የቀረው ባዶ ቦታ ጠባብ ነው። ብዙ ፋይል የምትደረድሩ ከሆነ ስርዓቱ ሲነሳ ራሱ የሚፈጥረውን ጊዜያዊ ዲስክ ተጠቀሙ፤ ፋይል ማናጀሩ ኢዮላይት ውስጥ "ቲኤምፒ0" በሚል ስም ይታያል። እሱም ራም ነው፤ አርዲሴቭ አይደርስለትም። እዚያ የምትሠሩ ከሆነ ማሽኑን ያለበትን ሁኔታ አስቀምጣችሁ ብቻ ዝጉ።

የመጀመሪያዎቹ 36 ባይቶች

ኤዲተሩን ክፈቱ። አዳዲሶቹ ኢሜጆች ላይ ሲኤዲት፣ ቆየት ያሉት ላይ ታይኒፓድ ነው። አዲስ ፋይል አውጡና ይህን ጻፉ፦

ዩኤስኢ32
ዲቢ 'ኤምኢኤንዩኢቲ01'
ዲዲ 1
ዲዲ መስኮት
ዲዲ ማለቂያ
ዲዲ 4096
ዲዲ 4096
ዲዲ 0
ዲዲ 0

እነዚህ ዘጠኝ መስመሮች ካልገቧችሁ ቀሪው ሁሉ ድግምት ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ እዚህ ጋ ቆም እንበል። ከመጀመሪያው መስመር በቀር ሁሉም በቀጥታ ፋይሉ ውስጥ የሚገቡ ባይቶች ናቸው። "ዲቢ" ባይት በባይት ያስቀምጣል፤ "ዲዲ" አራት አራት ባይት ይይዛል። ስምንት ፊደልና ሰባት ቁጥር ስንደምር 36 ባይት እናገኛለን። ኮሊብሪ አንድን ፋይል ሲያስነሳ ስሙን ወይም ቅጥያውን አያይም፤ እነዚህን 36 ባይቶች ነው የሚያነበው።

ስምንቱ ፊደላት በካፒታል መጻፍ አለባቸው። የሚሉትም የአባትየውን ስም ነው፦ ሜኑኤት፣ ከጎኑ 01። ኮሊብሪ ከቤት ከወጣ ይህን ያህል ዓመት ቢሆነውም ፕሮግራሞቹ አሁንም ደጁ ላይ የሜኑኤትን ስም ይጠራሉ። ቀጥሎ ያለው 1 የደንቡ ስሪት ቁጥር ነው። "መስኮት" ሥራው የሚጀመርበት ቦታ አድራሻ ነው፤ "ማለቂያ" የፋይሉ ርዝመት ነው። ሁለቱንም ፋዝም ራሱ አስልቶ ይሞላቸዋል፤ እኛ ስም ብቻ እንሰጣለን። የመጀመሪያው 4096 ፕሮግራሙ ስንት ባይት ሚሞሪ እንደሚፈልግ ይናገራል። ሁለተኛው 4096 ስታኩ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ጊዜያዊ ዋጋዎችን የሚደራርብበት የሚሞሪ ክፍል፣ የሚጀምርበት ጫፍ ነው፤ ስታክ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ከሚሞሪው ጣሪያ ላይ ሰቀልነው። ኮዳችን ከታች፣ ስታኩ ከላይ፣ መካከላቸው ሰፊ ሜዳ። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ዜሮዎች ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚቀበለውን ትእዛዝና የራሱን ፋይል አድራሻ ለሚፈልግ ሰው የተተዉ ቦታዎች ናቸው፤ እኛ አንፈልጋቸውም።

የመጀመሪያዋ መስመር ባይት አትጨምርም፤ ለፋዝም የምትሰጥ ማሳሰቢያ ናት። ተራ ነገር ግን አይደለችም። ፋዝም ካልተነገረው በቀር ለ16 ቢት ይጽፋል። ረስታችኋት ኮምፓይል ብታደርጉ ምንም ስህተት አይነግራችሁም፤ ፋይሉም በሰላም ይወጣል። ሲነሳ ግን ይሄ ይሆናል፦ በ16 ቢት የተጻፈ "ኤምኦቪ ኢኤኤክስ, 12" ከፊቱ አንድ ምልክት ባይት ይቀመጥለታል። ያው ባይት በ32 ቢት በሚሄድ ፕሮሰሰር ዘንድ የተገላቢጦሽ ትርጉም አለው። ፕሮሰሰሩ ከአራቱ የቁጥር ባይቶች ሁለቱን ብቻ ይወስዳል፤ የቀሩትን ሁለት ዜሮዎች እንደ ሌላ ትእዛዝ አንብቦ ሚሞሪ ውስጥ ይደምራል። ከዚያ ወዲያ ፕሮግራሙ የት እንደሚደርስ እግዜር ይወቅ።

"በ"ን መሣል

ለመጀመሪያ ፕሮግራም ሰላምታ ማተም የተለመደ ነው። የኮሊብሪ ፊደል ቅርጾች ለላቲንና ለሲሪሊክ የተሠሩ ናቸው፤ የኛን ፊደል አያውቁም። እንግዲያስ ራሳችን እንሣለው። ከፊደላችን "በ" ለዚህ ተብሎ የተፈጠረ ይመስላል፦ አንድ ጣሪያ፣ ሁለት እግር፣ ሦስት ሬክታንግል።

ከ36ቱ ባይት ስር ይህን ቀጥሉ፦

መስኮት:
ኤምኦቪ ኢኤኤክስ, 12
ኤምኦቪ ኢቢኤክስ, 1
አይኤንቲ 64
ኤምኦቪ ኢኤኤክስ, 0
ኤምኦቪ ኢቢኤክስ, 200*65536+300
ኤምኦቪ ኢሲኤክስ, 150*65536+200
ኤምኦቪ ኢዲኤክስ, 52*16777216+16777215
ኤምኦቪ ኢዲአይ, ርዕስ
አይኤንቲ 64

"ኤምኦቪ" ዋጋ ያስቀምጣል። "አይኤንቲ 64" ከርነሉን ይጠራል። ምን እንዲያደርግልን እንደምንፈልግ የሚነግረው ኢኤኤክስ ውስጥ ያለው ቁጥር ነው፤ የቀሩት ሪጅስተሮች፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት ትናንሽ የቁጥር ማስቀመጫዎች፣ ዝርዝሩን ይይዛሉ። ኮሊብሪ ላይ ከስርዓቱ ጋር የምንነጋገርበት መንገድ በሙሉ ይኸው ነው። 12 "መሣል ልጀምር ነው" ማለት ነው፤ 0 መስኮት ይከፍታል።

ያቺ 65536 እንግዳ ትመስል ይሆናል። አንድ ሪጅስተር 32 ቢት ስለሆነ ሁለት ቁጥር ይጎርሳል፦ በላይኛው ግማሽ ቦታ፣ በታችኛው ግማሽ መጠን። በ65536 ማባዛት ቁጥሩን ወደ ላይኛው ግማሽ ይገፋዋል። ስለዚህ መስኮታችን ከግራ 200፣ ከላይ 150 ነጥብ ላይ ቆማ ስፋቷ 300፣ ቁመቷ 200 ይሆናል። ማባዛቱን የሚሠራው ፋዝም ነው፤ ወደ ፋይሉ የሚገባው ውጤቱ ብቻ ነው።

ኢዲኤክስ ላይ ያለው 16777215 ነጭ ቀለም ነው። 52 የመስኮቷን ጠባይ ይወስናል፤ እሱም 3 በ16 ተባዝቶ 4 ሲደመርበት ነው። 4 መጠኗ የማይለወጥ፣ የስርዓቱን ጌጥ የለበሰች መስኮት ማለት ነው። 3 ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይጠይቃል፦ አናቷ ላይ ርዕስ ይኑራት፣ የምንሥለውም ነገር ከፍሬሙ ሳይሆን ከውስጠኛው ሜዳ ጀምሮ ይለካ።

አሁን ፊደሉ፦

ኤምኦቪ ኢኤኤክስ, 13
ኤምኦቪ ኢቢኤክስ, 90*65536+110
ኤምኦቪ ኢሲኤክስ, 40*65536+14
ኤምኦቪ ኢዲኤክስ, 0
አይኤንቲ 64
ኤምኦቪ ኢቢኤክስ, 90*65536+14
ኤምኦቪ ኢሲኤክስ, 40*65536+90
አይኤንቲ 64
ኤምኦቪ ኢቢኤክስ, 186*65536+14
አይኤንቲ 64
ኤምኦቪ ኢኤኤክስ, 12
ኤምኦቪ ኢቢኤክስ, 2
አይኤንቲ 64

13 የተሞላ ሬክታንግል ይሥላል። የመጀመሪያው ጣሪያው ነው፤ ሁለተኛው የግራ እግር፣ ሦስተኛው የቀኝ እግር። ለግራ እግር ኢኤኤክስና ኢዲኤክስ እንደገና እንዳልተሞሉ፣ ለቀኙ ደግሞ ኢቢኤክስ ብቻ እንደተቀየረ ታያላችሁ። ከርነሉ መልስ ለመስጠት ካልተጠቀመበት በቀር የሰጣችሁትን ሪጅስተር ሳይነካ ይመልስላችኋል፤ የቀኝ እግር ቁመት ከግራው ጋር አንድ ስለሆነ ኢሲኤክስን ተውነው። መጨረሻ ላይ ያለው 12 ከ2 ጋር ሲሆን "መሣሉን ጨርሻለሁ" ይላል።

መስኮቷ ተሥላ እንዳትጠፋ ደግሞ ጠባቂ ያስፈልጋታል፦

ጠብቅ:
ኤምኦቪ ኢኤኤክስ, 10
አይኤንቲ 64
ሲኤምፒ ኢኤኤክስ, 1
ጄኢ መስኮት
ሲኤምፒ ኢኤኤክስ, 2
ጄኢ ቁልፍ
ኤምኦቪ ኢኤኤክስ, 17
አይኤንቲ 64
ሲኤምፒ ኤኤች, 1
ጄኤንኢ ጠብቅ
ኤምኦቪ ኢኤኤክስ, -1
አይኤንቲ 64
ቁልፍ:
ኤምኦቪ ኢኤኤክስ, 2
አይኤንቲ 64
ጄኤምፒ ጠብቅ
ርዕስ ዲቢ 'ኤፍአይዲኢኤል', 0
ማለቂያ:

"ሲኤምፒ" ሁለት ዋጋ ያወዳድራል፤ "ጄኢ" እኩል ከሆኑ፣ "ጄኤንኢ" እኩል ካልሆኑ፣ "ጄኤምፒ" ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ተሰየመው ቦታ ይዘላል። 10 አንድ ነገር እስኪመጣ ድረስ ጠባቂያችንን ያስተኛታል፤ ተኝታ ሳለ ፕሮሰሰሩን አትበላም። ስትነቃ ኢኤኤክስ ውስጥ 1 ካለ መስኮቷ እንደገና ትሣል ማለት ነው፤ 2 ከሆነ ቁልፍ ተነክቷል፤ 3 ከሆነ አዝራር ተጭኗል። ስለ ቁልፉ ግድ ባይኖረንም እንኳ በቁጥር 2 ማንበብ አለብን። ካላነበብነው ቁልፉ ወረፋው ላይ እንደተቀመጠ ይቀርና ጠባቂያችን ሳትተኛ ትዞራለች። በ17 የትኛው አዝራር እንደተጫነ እንጠይቃለን፤ ቁጥሩ የኢኤኤክስ አንድ ክፍል በሆነው ኤኤች ውስጥ ይመጣል፤ የመስኮቷ መዝጊያ ቁጥሩ 1 ነው። እሱ ከሆነ በ-1 ፕሮግራሙን እንሰናበታለን።

ከላይ ስሞቹን በአማርኛ ያወጣሁት ለጌጥ አይደለም። ጀማሪ ሰው ጠባቂውን በእንግሊዝኛ "ዌይት" ብሎ ይሰይምና ፋዝም አልቀበልም ይለዋል፤ የፕሮሰሰሩ ትእዛዝ ስም ነውና። አማርኛም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያድንም። መሣያውን ቦታ "ሳል" ብላችሁ በላቲን ብትጽፉት ቢቶችን ወደ ግራ ከሚገፋው ትእዛዝ ጋር ትጋጫላችሁ፤ "ዳስ"ም እንዲሁ የቆየ የፕሮሰሰር ትእዛዝ ነው። ረዘም ያለ ስም ምረጡና ተገላገሉ።

ኮምፓይል አድርጎ ማስነሳት

ፋይሉን ነጥብ ኤኤስኤም በሚል ቅጥያ አስቀምጡ። ከሜኑው የልማት መሣሪያዎች ካሉበት ክፍል ፋዝምን ክፈቱ። ሦስት መሙያ ቦታ ያላት ትንሽ መስኮት ናት፦ የሚነበበው ፋይል፣ የሚወጣው ፋይል፣ እና ሁለቱ ያሉበት ፎልደር። የፎልደሩን አድራሻ በስላሽ (/) ምልክት ጨርሱት፤ ብዙ ሰው ፋይሉ አልተገኘም የሚባለው እዚህ ጋ ነው። ኮምፓይል የሚለውን ስትጫኑ ፋዝም ፋይሉን ስንት ጊዜ እንደተመላለሰበትና ስንት ባይት እንዳወጣ ይነግራችኋል። የኛ ፕሮግራም ከ200 ባይት በታች መሆን አለበት። ከዚያ ራን በሉት።

ነጭ መስኮት፣ መካከሏ ላይ ጥቁር "በ"። ሌላ መስኮት ከላይዋ ጎትቱና አሳልፉባት፤ ስትገለጥ እንደገና ተሥላ ከታየች ጠባቂያችን ሥራዋን እየሠራች ነው።

አሁን ከፊደሉ ጋር ተጫወቱ። የግራ እግር ቁመት የሆነውን 90 ወደ 55 አውርዱት። "ባ" የሚመጣ ይመስላችኋል፤ የሚመጣው ግን እግሮቹ ሁለቱም ያጠሩ "በ" ነው። ለቀኝ እግር ኢሲኤክስን አልሞላንማ፤ ያጠረውን ቁመት ወርሷል። ከቀኙ እግር ጥሪ በፊት "ኤምኦቪ ኢሲኤክስ, 40*65536+90" ጨምሩ፣ "ባ" ቀጥ ብላ ትቆማለች። ግራውን መልሳችሁ ቀኙን ብታሳጥሩ "ቦ" ናት። ለ"ቡ" ከቀኝ እግር ወገብ ላይ ወደ ውጭ የሚወጣ አራተኛ ሬክታንግል ይበቃል፤ ያንኑ ወደ እግሩ ግርጌ ብታወርዱት "ቢ"። ስለ ሪጅስተር ብዙ ገጽ ከማንበብ ይህን አንድ ምሽት መነካካት ይሻላል ባይ ነኝ።

ሲሰበር የሚታይበት ቦታ

ፋዝም በጽሑፉ ላይ ያየውን ስህተት ራሱ ያሳያችኋል፤ የመስመሩን ቁጥርና መስመሩን አውጥቶ። ያልታወቀ ስም ካለ አንዱ ቦታ ላይ በሌላ አጻጻፍ ጽፋችሁታል፤ ፋዝም እናንተ ባወጣችሁት ስም ላይ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያል። የሚከብደው ጽሑፉ ትክክል ሆኖ ሩጫው ሲሰበር ነው።

ለዚያ ቦርድ የሚባለውን ፕሮግራም አስቀድማችሁ ከፍታችሁ አስቀምጡ። ከርነሉ የሚያጉረመርመው ሁሉ እዚያ ላይ ይጻፋል። አንድ ፕሮግራም የማይገባው ሚሞሪ ውስጥ ቢገባ ከርነሉ በግድ ይዘጋዋል፤ ሲዘጋውም በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ ሪጅስተር ምን እንደያዘ ቦርዱ ላይ ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ ውስጥ ኢአይፒ የሚለውን ፈልጉ፤ ፕሮሰሰሩ የቆመበት አድራሻ ነው። ኮሊብሪ ፋይሉን ከነ36 ባይቱ ከአድራሻ 0 ጀምሮ ስለሚጭነው ይህ ቁጥር ፋይላችሁ ውስጥ ስንተኛው ባይት ላይ እንደወደቀ በቀጥታ ይነግራችኋል። 

እናንተም ቦርዱ ላይ መጻፍ ትችላላችሁ። ኢኤኤክስ 63፣ ኢቢኤክስ 1፣ ሲኤል ውስጥ አንድ ፊደል አድርጋችሁ 64ን ጥሩ፤ ፊደሉ ቦርዱ ላይ ይወጣል። ከተጠራጠራችሁበት ቦታ በፊት አንድ ፊደል፣ በኋላ ሌላ ፊደል አስቀምጡ። የመጀመሪያው ወጥቶ ሁለተኛው ከቀረ ጥፋቱ በመካከላቸው ነው።

ከዚህም በላይ ጠጋ ብሎ ማየት ለሚፈልግ ኤምቲዲቢጂ አለ። ፕሮግራማችሁን ሲጭን ከመጀመሪያው ትእዛዝ ላይ ያቆመዋል፤ ኤፍ7 በተጫናችሁ ቁጥር አንድ ትእዛዝ ብቻ ይራመዳል፣ ሪጅስተሮቹም ፊት ለፊት ይለዋወጣሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠቀሙበት ኢቢኤክስ ውስጥ የሚገባውን ቁጥር ተመልከቱ፤ 200 እና 300 በሄክሳዴሲማል ተጽፈው በአንድ ሪጅስተር ጎን ለጎን ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ።

በእውነተኛ ኮምፒውተር ላይ

አሮጌ ኮምፒውተር ካላችሁ በቀጥታ ማስነሳት ይቻላል፤ ፔንቲየም የነበረበት ዘመን ማሽን ለኮሊብሪ ከበቂ በላይ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ግን የቆየው የባዮስ አነሳስ ካልተፈቀደ የፍሎፒው ኢሜጅ አይነሳም፤ ለዩኢኤፍአይ የተዘጋጀውን ሌላ ኢሜጅ መውሰድ ይኖርባችኋል። ሥራ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ነቅላችሁ ሞክሩ። በአሴምብሊ የሚጻፍ ፕሮግራም ዲስክ ላይ መጻፍ ከጀመረ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ቀጥሎ ምን?

ዶክፓክ የሚባለውን ከሜኑው ክፈቱ፤ የከርነሉ ጥሪዎች ዝርዝርና የፋዝም መመሪያ እዚያው ውስጥ አለ፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ቁጥር 4 ጽሑፍ ያትማል፣ 8 አዝራር ይሠራል፣ 70 ፋይል ያነባል፣ ይጽፋል።

እኔ ብሆን በ8 እቀጥላለሁ። የግራ እግሩን ቁመት ከኮዱ አውጡና ከርዕሱ በታች "ቁመት ዲዲ 90" ብላችሁ አስቀምጡት። ኢሲኤክስን በ40*65536 ሙሉና በቅንፍ የታሰረውን ቁመት ደምሩበት፤ በ"ዲዲ" የተያዘ ዋጋ የሚነበበው በካሬ ቅንፍ [ ] ውስጥ ስሙን በመጻፍ ነው። ከዚያ መስኮቷ ጥግ ላይ አንድ አዝራር ጨምሩ፤ ሲጫን ቁመቱን 55 አድርጎ ወደ "መስኮት" ይዝለል፣ "በ" ወደ "ባ" ይለወጥ። የአዝራሩን ቁጥር ግን ከ2 ጀምሩ፤ 1ን ለራሳችሁ ከወሰዳችሁት ፊደሉን ልቀይር ያለ ሰው መስኮቷን ይዘጋታል።